ግድግዳው ያልተደበደበበት ቀን

ሙዚቃ አቀናባሪው ስጦታው በስቱዲዮው ወለል ላይ በግንባሩ ተደፍቶ ነበር። የማይክ መቆሚያው ክብ ብረት አጠገቡ ወድቋል፤ ከጆሮው ኋላ የወረደው ደም የምንጣፉን ጫፍ አርሶ ደርቋል። ኢንስፔክተር ይርጋነሽ በሩ ላይ ቆማ ክፍሉን በዓይኗ ዞረችው። አራቱም ግድግዳ በስፖንጅና በባዶ የእንቁላል ትሪ ተለብጧል። ጠረጴዛው ላይ ላፕቶፕና ሁለት ድምፅ ማጉያ፣ ከጠረጴዛው ፊት ደግሞ ፒያኖ አለ። ፒያኖው ቀይ የከፋይ ጨርቁን እንደለበሰ ነው።

ይርጋነሽ ከቤቷ ስትጠራ መንገዱን ሁሉ እሳት፣ የመኪና አደጋና የፈረሰ ግንብ እያሰበች ነው የመጣችው። ልጇ ከትምህርት ቤት ትንሽ ከዘገየ ባጃጅ ገጭቶታል፣ ወንዝ ወስዶታል ብላ የምትጨርስ ሴት ናት። ባልደረቦቿ ይስቁባታል። እሷ ግን ከሰው ሁሉ ክፉውን መጠበቅ ከጀመረች ወዲህ ብዙም አልተሳሳተችም።

«ነገሩ ያለቀ ነው፤» አላት ኮማንደሩ። «ዘፋኟ ጸደንያ ናት። ትናንት እስከ አስር ሰዓት ድረስ ሙዚቃው ሲሰማ ነበር፤ ቢቸና በሙሉ ምስክር ነው። እሷ በቁልፏ ከፍታ ገባች፤ ሙዚቃው ቆመ፤ እየጮኸች ወጣች። ከነገ ወዲያ ጠዋት ከነመዝገቧ ወደ ደብረ ማርቆስ ትሄዳለች።»

«ፒያኖውን ማን አለበሰው?»

«እ?»

«ሰውዬው ሲጫወት ከነበረ ጨርቁ ምን ይሠራበታል?»

«እሷ አልብሳው ይሆናላ!»

«ሰው ገድላ፣ ጩኸቷ ሳይመጣባት በፊት፣ ፒያኖው አቧራ እንዳይነካው አሰበች ማለት ነው?»

ኮማንደሩ ስልኩን አወጣና የሚደወልለት ሰው መሰለ።

ጸደንያን ጣቢያ ውስጥ አገኘቻት። ጡት ያልጣለች ልጅ አለቻት፤ ልጅቱን የያዙት የጸደንያ እናት እማሆይ ወለተ ኢየሱስ በር ላይ ቆመው ከሕፃኗ ጋር አብረው ያለቅሳሉ። የጸደንያ ቀሚስ ደረቱ ላይ በወተት ርሷል። ይርጋነሽ ይህን አይታ ፊቷን አዞረች። የደብረ ማርቆስ መንገድ፣ የልጅቱ ረሃብ፣ የዓመታት ቀጠሮ፣ ሁሉም በአንዴ ታያት።

«ከስጦታው ጋር ተጣልታችኋል ይላሉ፤» አለቻት።

«ከእሱ ጋር ያልተጣላ አለ እንዴ? ግን የኔና የሱ ጠብ በፕሮግራም ነበር።»

«ምን ፕሮግራም?»

«ሙዚቃ መሥሪያው ነዋ። ማሲንቆው፣ ዋሽንቱ፣ ከበሮው ሁሉ የሚወጣው ከኮምፒውተሩ ነው። ድሮ የሚሠራበት የተሰረቀ ኮፒ ነበር፤ ኮምፒውተሩ ሲታደስ ሞተ። ከዚያ ወዲህ ሌላ እንምረጥ ተብሎ ሰላም የለም። ረዳቱ ፋንታ ነፃውን ይላል። ዘፋኙ፣ የሞጣው ዘመነ፣ በወር የሚከራየውን ይላል። እኔ ያመጣሁት የሙከራውን ነው። የኛን ቅኝት ያውቃል፣ ድምፁም ጥሩ ነው፤ ግን እስኪገዛ ድረስ በየመሀሉ ‹ችስስስ› ይላል። ሆን ብለው ነው እንደዚያ የሠሩት፣ ሰው ተማርሮ እንዲከፍል።»

«ሲቀዳስ?»

«ቢቀዳም ከነችስታው ነው።»

«ስጦታው የትኛውን መረጠ?»

«የኔን። ይህችን አዲሷን ዜማም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በሱ ነው የሠራት፤ እኔ እንድዘፍናት። ዘመነ ለኔ ስጠኝ ብሎ ለመነው። ‹ላንተ ድምፅ የስልክ ጥሪ ይበቃል› አለው፤ እዚያው፣ ሁላችን ፊት።»

«አንቺ ስትገቢ ምን አየሽ?»

«ሙዚቃው ይሄዳል፣ እሱ ተደፍቷል። ዝም ይበልልኝ ብዬ ገመዱን ነቀልኩት። የላፕቶፑ ባትሪ የሞተ ነው፤ አብሮ ጠፋ። ይኸው ‹አንቺ ስትገቢ ቆመ› ይሉኛል።»

ከስቱዲዮው ጋር በአንድ ግድግዳ የሚዋሰኑት እትዬ ራዲያ የጨርቅ ነጋዴ ናቸው። ሞጣ ተወልደው ቢቸና የከበሩ፣ ሱቃቸው የሞላ፣ አፋቸው ከሱቃቸው የበለጠ የሞላ ሴት ናቸው። ይርጋነሽ ስትገባ በእንጨት ሜትራቸው ከፋይ ይለካሉ።

«ስፖንጅ ለጠፉ፣ የእንቁላል ትሪ ለጠፉ፤ ለኔ ግን ሁሉም ይሰማኛል፤» አሉ። «አንዷን ዜማ ሳምንቱን ሙሉ! ዜማዋስ ደግ ነበረች፤ መሀሏ ላይ ያቺ ‹ችስስ› ስትመጣ ነው እኔ የማብደው። እንደ ሽንኩርት ጥብስ! ብድግ እልና በዚች ሜትር ግድግዳውን እደበድበዋለሁ። እሱ ደግሞ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ‹ጨርቅሽን ለኪ!› ይለኛል።»

«በሞተበት ቀንስ?»

«በዚያ ቀን…» አሉና ሜትሩን አቆሙት። «አልደበደብኩም። ከሰዓት በኋላ አንዴም አልተነሳሁ። ገዛው መሰለኝ፣ ዜማዋ ጥርት ብላ ስትሄድ ዋለች። ደግሞ አሳምሯት ነበር፤ መጨረሻዋ ላይ ዋሽንት ገብቷል። ብቻ ጭብጨባው ከከበሮው ይቀድማል፤ እንደ ሰከረ ሚዜ። በመጣ ቁጥር እስቅ ነበር።»

«መጨረሻ ከስቱዲዮው ሲወጣ ያዩት ማንን ነው?»

«መጀመሪያ ፋንታ ወጣ። ኋላ፣ ሙዚቃው ከጀመረ በኋላ፣ ዘመነ ወጣ። እኔ ጋ ቆሞ ለእናቱ ነጠላ ገዛና ‹እማማ ራዲያ፣ የሞጣ አውቶቡስ ሊያመልጠኝ ነው› ብሎ ሄደ። በሕይወቱ ከኔ ሱቅ መሀረብ እንኳ ገዝቶ አያውቅም፣ ያ ሁሉን የሚንቅ።»

ይርጋነሽ አመስግና ወጣች። በልቧ ግን ነጠላውን ያዘችው።

የስጦታው ረዳት ፋንታ ከመንገዱ ማዶ ጭማቂ ቤት ተቀምጧል። ዓይኑ ያበጠው ከልቅሶ ይሁን ከእንቅልፍ አይታወቅም። ስለ ስጦታው ስትጠይቀው ስለ ነፃው ፕሮግራም መለሰላት።

«ኢንስፔክተር፣ እኔ በነፃ የሚገኝ እያለ ብር አይውጣ ነው ያልኩት። ጥፋቱ ምንድን ነው?»

«የናንተን ቅኝት ያውቃል?»

«እሱ… አያውቅም። አንቺ ሆዬ ቅኝት ስትጫወትበት ይጎመዝዛል። ግን ሕዝቡ ይለምደዋል።»

«ሕዝቡ!» አለች ይርጋነሽ። ጭማቂ ቤቱ ደጃፍ ላይ የተኮለኮሉትን ጎረምሶች አየቻቸው፤ ፀጉራቸውን አጨብርረው ሁሉም «አቀናባሪ» ነን ይላሉ። ማሲንቆ ይዞ አንዲት ክር መግረፍ የሚችል ከመሀላቸው የለም፤ ስለ ማሲንቆ ድምፅ ግን እስከ ድብድብ ይከራከራሉ። «ያን ቀን ከሰዓት እዚሁ ነበርክ?»

«ከነዚህ ጋር። ሙዚቃው በስፖንጁ ታፍኖ ከሩቅ ነው የሚሰማው፤ ጠብ የመሰለ ነገር ግን አልሰማንም። የእማማ ራዲያ ድብደባ እንኳ አልነበረም። ሌላ ጊዜ ዷ ዷ ባለ ቁጥር እንስቃለን፤ ያን ቀን ጭር አለ።»

«ሬሳው ሲገኝ ማን ማን ገባ?»

«ፖሊስ በሩን እስኪዘጋ ሰው ተግተልትሎ ገባ። ዘመነም ማታውን ከሞጣ በሚኒባስ ደርሶ ‹ወንድሜን!› እያለ ጠረጴዛው ላይ ወደቀ። ጎትተን ነው ያስወጣነው።»

በማግስቱ ጠዋት ይርጋነሽ አውቶቡስ ተሳፍራ በደብረ ወርቅ በኩል ወደ ሞጣ ወጣች። በየመታጠፊያው ገደል እየታያት፣ የፊት ወንበሩን ብረት ጨብጣ፣ ስለ ሦስቱ ፕሮግራሞች አሰበች።

ዘመነ ፎቅ ላይ በተከራየው ክፍል ውስጥ ጥቁር መነጽር አድርጎ ተቀበላት። ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ፎቶ ሁሉ የራሱ ነው። ይርጋነሽ የምትቀመጥበትን ወንበር በመሀረቧ ጠረገችው።

«ጸደንያ ናት አሉ። ይገርማል፤» አለ። «ለነገሩ ያመጣችው ፕሮግራም ራሱ ሰው ይገድላል።»

«ያንተ ይሻላል?»

«የኔን ከዚያ ጋር ያወዳድራሉ? የኔ ኪራይ የሚከፈልበት፣ ትልልቆቹ የሚሠሩበት ነው። የስጦታውን ዜማ እንኳ በሱ አቀናብሬዋለሁ። ቢሰሙት!»

«ስጦታው ሰምቶት ያውቃል?»

«ለሱ? ጆሮ ለሌለው? ቢቸና ውስጥ አንድም ሰው አልሰማውም። ማን አለና?»

ይርጋነሽ አንገቷን ደፋች። ፊቷ ላይ የመጣውን እንዳያይባት ነው።

«እንግዲያው አምጣው፤» አለችው። «ነገ በጠዋት ስቱዲዮው ውስጥ ሁላችሁም ዜማውን በየፕሮግራማችሁ ታሰማላችሁ። የስጦታው ቤተሰቦች የተሻለውን ለመታሰቢያው ይመርጣሉ። ዜማው ለማን እንደሚሰጥም እዚያው ይለያል።»

«ነገ?» አለና መነጽሩን አወለቀ። ሞጣ መብራት ከጠፋ ሰነባብቷል። ሌላ ለመሥራት ጊዜም፣ መብራትም የለም። ይርጋነሽ ሲያመዛዝን አየችው፤ ጭንቀቱ ስለ ዜማው ብቻ እንዳልሆነም አየች። ትምክህቱ ግን ከጭንቀቱ በለጠ። «ችግር የለም። ያለቀ ሥራ ነው።»

በማግስቱ ጠዋት ሁሉም ስቱዲዮው ውስጥ ተሰበሰቡ። ጸደንያ በካቴና፣ ፋንታ ግድግዳ ተደግፎ፣ ዘመነ በአዲስ ኮት፣ ኮማንደሩ ሰዓቱን እያየ። ውጭ ወደ ደብረ ማርቆስ የሚሄደው መኪና ሞተሩን አሙቆ ይጠብቃል። እማሆይ ሕፃኗን አዝለው በር ላይ ቆመዋል።

«እትዬ ራዲያስ?» አለ ኮማንደሩ።

«ሱቃቸው ውስጥ ሥራቸውን እየሠሩ ነው፤ ምንም አልነገርኳቸውም። በሉ፣ የሙከራውን ክፈቱ።»

ፋንታ የስጦታውን ሥራ ከፈተ። ዜማዋ እንደተጀመረ፣ ገና ሳትሞቅ፣ «ችስስስ!» አለ። ወዲያው ከግድግዳው ማዶ ዷ! ዷ! ዷ! «ደግሞ ጀመራችሁ? ሐዘኑም ሳይወጣ!» የሚል ድምፅ መጣ።

«የነፃው፤» አለች ይርጋነሽ።

ፋንታ የራሱን አሰማ። ዜማው ያው ነው፤ ቃናው ግን ጎምዝዟል። ከግድግዳው ማዶ «ምነው፣ ታመመች እንዴ?» ተባለ። ፋንታ አንገቱን ቀበረ።

«የኪራዩ።»

ዘመነ ከኪሱ ፍላሽ አውጥቶ ራሱ ሰካው። ዜማዋ ጥርት ብላ ወጣች። በእርግጥም ያማረች ነበረች፤ ጸደንያ እንኳ ካቴናዋን ረስታ ቀና አለች። ከግድግዳው ማዶ ምንም የለም፣ ሜትሩ ዝም ብሏል። ዋሽንቱ ገባ። ጭብጨባው ከከበሮው ቀድሞ ሲመጣ፣ እትዬ ራዲያ ከት ብለው ሳቁ።

«ይኸው! ሰካራሙ ሚዜ መጣ! የዚያ ቀኑ!»

ዘመነ ፈገግታውን መልሶ ለመግጠም ሞከረ።

«ጨርቅ ሻጭ ደግሞ ስለ ሙዚቃ ምን ታውቃለች?»

«ስለ ሙዚቃ አልጠየቅኳቸውም፤» አለች ይርጋነሽ። «ኮማንደር፣ ከጨርቁ እንነሳ። ፒያኖው ተሸፍኖ ሙዚቃ ይሰማ ነበር። ስለዚህ በእጁ የሚጫወት ሰው አልነበረም።»

«የሠራውን መልሶ እየሰማ ቢሆንስ?» አለ ኮማንደሩ።

«እሱን እኔም አስቤዋለሁ። ስጦታው ግን ይህን ዜማ የሠራው በሙከራው ብቻ ነው፤ ሙከራው ደግሞ ሳይችስ አይሄድም፤ ቢቀዳም ያው ነው። በቸሰ ቁጥር እትዬ ራዲያ ይደበድባሉ። በዚያ ቀን ከሰዓት ግን ግድግዳው አንዴም አልተደበደበም፤ ራሳቸው ነግረውኛል፣ ጭማቂ ቤት ያሉትም መስክረዋል። ስለዚህ ይሰማ የነበረው የስጦታው ሥራ አይደለም። ሌላ ሰው በሌላ ፕሮግራም የሠራው፣ እየተደጋገመ እንዲሄድ የተተወ ቅጂ ነው። ስጦታው በሕይወት ቢኖር ይህ ቅጂ ክፍሉ ውስጥ ሲደጋገም አይፈቅድም ነበር፤ ስለዚህ ከሙዚቃው በፊት ሞቷል። ያ ከሆነ ደግሞ አስር ሰዓት ላይ የገባችው ጸደንያ ያገኘችው ሬሳ ነው።»

«ፋንታስ?»

«የፋንታን አሁን ሰምተነዋል። እንደዚያ የጎመዘዘ ነገር ግማሽ ቀን ቢዘልቅባቸው እትዬ ራዲያ ሱቃቸውን ዘግተው ይሄዱ ነበር። የቀረው የኪራዩ ነው። የኪራዩ ያለው አንድ ሰው ነው፤ ያ ሰው ደግሞ ‹ቢቸና ውስጥ አንድም ሰው አልሰማውም› ብሎኛል።» ወደ ዘመነ ዞረች። «ማንም ካልሰማው፣ ሰካራሙን ሚዜ እትዬ ራዲያ በምን አወቁት? ሙዚቃውን ከፍተህ፣ ሲሳብ በራሱ የሚቆለፈውን በር ስበህ ወጣህ። ምስክር እንዲሆኑህ ሱቃቸው ገብተህ ነጠላ ገዛህ። ማታ ለልቅሶ መጥተህ ጠረጴዛው ላይ የወደቅከው ፍላሽህን ለመንቀል ነው። ምናልባት አሁን የሰካኸው ራሱ ነው።»

የዘመነ ዓይን ወደ ላፕቶፑ ሄደ። እጁን ሲዘረጋ ጸደንያን ያጀበው ፖሊስ ያዘው።

«አንድ ነገር ብቻ አልገባኝም፤» አለች ይርጋነሽ። «ስጦታው የሠራውን ከነችስታው ብትተወው ኖሮ ግድግዳው ይደበደብ ነበር፤ እኔም አላገኝህም። ለምን የራስህን አደረግከው?»

«ያንን ቆሻሻ?» አለ ዘመነ፤ ድምፁ ተሰነጠቀ። «ያ እንደ ሽንኩርት የሚቸስ ነገር እኔ እዚህ ክፍል ውስጥ ላጫውተው? ‹የስልክ ጥሪ ይበቃሃል› ያለኝ ሰውዬ ቢያንስ አንዴ የኔን…» ቃሉን ሳይጨርስ የተናገረውን ሰማው። ዙሪያውን አየ። የሚያደንቀው ሰው አልነበረም።

ይርጋነሽ ከእግሩ እስከ ራሱ ተመለከተችው። ከሰው ክፉውን መጠበቅ ልማዷ ነው፤ ይህን ያህል ትንሽነት ግን አልጠበቀችም ነበር።

«ሰው ገድለህ አላፈርክም፤» አለችው፤ «በችስታ አፈርክ። ውሰዱት።»

ካቴናው ከጸደንያ እጅ ወጥቶ ዘመነ እጅ ላይ ገባ። እማሆይ ሕፃኗን አወረዱና እናቷ እቅፍ ውስጥ አስቀመጧት። ጸደንያ እዚያው ወለሉ ላይ ተቀምጣ ጡቷን ሰጠቻት። ውጭ የሞቀው ሞተር ሌላ ተሳፋሪ ይዞ ሄደ።

ከአርባው በኋላ ጸደንያና ፋንታ ስቱዲዮውን ከፈቱት። የሙከራው ፕሮግራም ገና አልተገዛም፤ ሁለቱ ግን ሌላ ላይመርጡ ተስማምተዋል። ጸደንያ ቀዩን ጨርቅ ከፒያኖው አነሳች። ዜማዋ ተጀመረች፤ ገና ሳትሞቅ «ችስስስ» አለ።

ከግድግዳው ማዶ እትዬ ራዲያ ሜትራቸውን ይዘው ብድግ አሉ። እጃቸውን አነሱ። ትንሽ ቆሙና መልሰው ተቀመጡ፤ በሜትሩም ጨርቅ መለካታቸውን ቀጠሉ።