በሂሳብ ደብተር ውስጥ የተደበቀው ወረቀት

ሩሀማ የአሥር ዓመት ልጅ ነበረች። ቤታቸው ሐዋሳ ከተማ፣ መናኸሪያ ክፍለ ከተማ ውስጥ ነው። የምትኖረው ከእናቷና ከአያቷ ከአባባ በላይነህ ጋር ነው። እናቷ ሐይቅ ዳር ባለ ሆቴል ስለምትሠራ ጠዋት ወጥታ አመሻሽ ላይ ትገባለች። ቀኑን ሙሉ ሩሀማና አያቷ ብቻቸውን ይውላሉ፤ ያን ጊዜ በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤት ተዘግቶ ነበርና።

ልጆች፣ እናንተ ያኔ ትንንሽ ስለነበራችሁ ላታስታውሱት ትችላላችሁ። ሰው ከሰው የማይጨባበጥበት፣ ሁሉም አፍና አፍንጫውን ሸፍኖ የሚሄድበት ጊዜ ነበር።

አባባ በላይነህ ሠላሳ ዓመት አውቶቡስ የነዱ ጡረተኛ ናቸው። ጭጋግ አይፈሩ፣ ገደል አይፈሩ። ሩሀማ “የኔ አባባ ምንም አይፈራም” እያለች ለጓደኞቿ ትኩራራ ነበር።

አንድ ማክሰኞ ከሰዓት አባባ ተኝተው ሳለ የግቢው በር ተንኳኳ። ሩሀማ ከፈተች። የጤና ጣቢያዋ ነርስ ሲስተር ታቢታ ነበረች።

“ሩሀማዬ፣ አያትሽ አሉ?”

“ተኝተዋል።”

“አትቀስቅሻቸው። ይህን ወረቀት ስጪልኝ። ሐሙስ ጠዋት ትልልቅ ሰዎችን በሙሉ ኮሮና እንመረምራለን። በነጻ ነው። እያሳላቸው እንደሆነ እናትሽ ነግራኛለች። እንዳትረሺ፣ እሺ?”

“እሺ።”

ሲስተር ታቢታ እንደሄደች የጎረቤቱ ልጅ ኤልናታን በአጥሩ ላይ ብቅ አለ።

“ሰምቻለሁ! አባባን ሊወስዷቸው ነው።”

“የት?”

“የተመረመረ ሰው በአምቡላንስ ይወሰዳል። ከዚያ አይመለስም።”

“ማን አለህ?”

“ሁሉም ሰው!” አለና ወረደ።

ሩሀማ ወረቀቱን ይዛ ቆመች። ባለፈው ዓመት የሆነውን አስታወሰች። የአባባ ታናሽ ወንድም አዲስ አበባ ሲሞቱ እናቷ ወሬውን ቀድማ ሰምታ ነበር። ግን ለአባባ አልነገረቻቸውም። ስልካቸውን እንኳ ደብቃ ነበር። “ለትልቅ ሰው ክፉ ነገር በድንገት አይነገርም” ብላ፣ በማግስቱ ንጋት ላይ ሽማግሌዎች መጥተው መርዶውን እስኪነግሯቸው ድረስ ዝም አለች።

“እንግዲያው እኔም አልነግራቸውም” አለች ሩሀማ በልቧ። ወረቀቱን አጥፋ በሂሳብ ደብተሯ ውስጥ ከተተችው።

አያችሁ ልጆች? ክፉ ልጅ ሆና አይደለም። አያቷን ስለምትወድ ነው። ግን አንድ ውሸት ብቻውን አይቀመጥም። አባባ ከእንቅልፋቸው ተነሥተው፦

“የኔ ልጅ፣ በር ላይ ማን ነበር?” ሲሏት፣

“ሎሚ ሻጭ ናት” አለች።

“ታዲያ ሎሚው የታል?”

“አ... አልገዛሁም።”

ሐሙስ ጠዋት ደረሰ። አባባ ኮታቸውን ለብሰው፣ ጫማቸውን እያሰሩ ሁለት ጊዜ በረጅሙ ሳሉ።

“ወዴት ነው አባባ?”

“ቱላ፣ እህቴን ልጠይቅ። አበበች አስሟ ተነሥቶባታል አሉ። ታላቄ ሆና ሳለ ሳልጠይቃት ብቀር ምን ትለኛለች? ግንባሯን ስሜያት እመለሳለሁ።”

ወጡ። ሩሀማ በረንዳው ላይ ቀረች። እማማ አበበች ሲተነፍሱ ደረታቸው ሲር ሲር የሚል አሮጊት ናቸው። አባባ አጠገባቸው ተቀምጠው ሲስሉ፣ ጎንበስ ብለው ግንባራቸውን ሲስሟቸው በዓይነ ሕሊናዋ ታያት። ደብተሯን አንሥታ በባዶ እግሯ እየሮጠች ወጣች።

አባባ ባጃጅ ውስጥ ገብተው ነበር።

“አባባ! አባባ፣ ይቁሙ!”

“ምን ሆነሻል? ጫማሽስ?”

ወረቀቱን አወጣችና እያለቀሰች ሰጠቻቸው። “ሎሚ ሻጭ አልነበረችም። ሲስተር ታቢታ ነች። ዋሽቼዎታለሁ። እንዳይወስዱብኝ ብዬ ነው። ይቅርታ አባባ።”

አባባ ወረቀቱን ራቅ አድርገው ይዘው አነበቡት።

“አባት፣ እንሂድ እንጂ!” አለ ባለ ባጃጁ።

“ታገሥ ልጄ” አሉት። ከዚያ ወደ ሩሀማ ዞሩ። “ነይ፣ ግቢ። እንባሽን ጥረጊ። እኔም የደበቅሁሽ ነገር አለ። ምርመራ እንዳለ በሬዲዮ ሰምቻለሁ። ፈርቼ ዝም አልኩ። ‘በላይነህ ኮሮና ያዘው’ ብሎ ሰፈሩ ሲሸሸኝ ታየኝና፣ ካልተመረመርኩ የለብኝም ብዬ ራሴን አታለልኩ።”

“እርስዎም ይፈራሉ?”

“እንዴታ! ለራሴ ብቻ ቢሆን ዛሬም አልሄድም ነበር። ግን ይዤው አበበች ቤት ብገባስ? አንቺስ?” ባለ ባጃጁን ትከሻውን ነካ አደረጉት። “ጤና ጣቢያ አድርሰን።”

“ቱላ ብለው አልነበር እንዴ?”

“ቱላ የትም አይሄድም።”

ጤና ጣቢያው ሲደርሱ ሲስተር ታቢታ በሩ ላይ ነበረች። “አባባ፣ እንኳን መጡ! ዓይኔ መንገድ ላይ ነበር” አለቻቸው።

“ትወስዱኛላችሁ?” አሉ አባባ ቀስ ብለው።

“የት ነው የምንወስድዎት? ቢገኝብዎትም ሕመሙ ከቀለለ የሚቀመጡት ቤትዎ ነው። በየቀኑ እደውልልዎታለሁ። ከከበደ ብቻ ሐኪም ቤት ይገባሉ፤ እሱም ሊያድንዎት ነው።”

ከዚያ ቀጭን እንጨት መሳይ ነገር አፍንጫቸው ውስጥ አስገብታ አወጣች። አባባ አነጠሱ፤ ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

“በቃ?”

“በቃ።”

“ለዚህች ነው ሳምንት ሙሉ እንቅልፍ ያጣሁት?” አሉ። ሲስተር ታቢታ ሳቀች፤ ሩሀማም ሳቀች።

ቅዳሜ ስልክ ተደወለ። አባባ ኮሮና ተገኝቶባቸዋል። ሩሀማና እናቷ ግን ሲመረመሩ ነጻ ሆኑ። አባባ ጓሮ ያለችው ክፍል ገቡ። ሩሀማ ምግባቸውን ደጃፉ ላይ ባለ ወንበር እያስቀመጠች፣ ራቅ ብላ ቆማ በመስኮት ታጫውታቸዋለች። አምቡላንስ የሚባል አልመጣም። ኤልናታን ግን ሦስት ቀን ሙሉ አጥሩ ላይ ተንጠልጥሎ ሲጠብቅ አባባ አዩት።

“ኤልናታን! አምቡላንሱን ከሆነ የምትጠብቀው መሰላል አምጣ፣ እጅህ ይዝላል!”

ኤልናታን አፍሮ ወረደ። በማግስቱ ብርቱካን ይዞ መጣ።

እማማ አበበች ሲደወልላቸው ምንም አልተቆጡም። “በላይነህ፣ እንኳንም ቀረህብኝ! በዚህ ደረቴ ላይ እሱን ብትጨምርበት ምን እሆን ነበር? ተመስገን!” አሉ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ሳሉ ጠፋ፤ ሲስተር ታቢታም “አሁን ነጻ ነዎት” አለቻቸው። ሩሀማና አባባ ያን ቀን ወደ ቱላ ሄዱ። እማማ አበበች ከደጃፋቸው ጥላ ሥር ተቀምጠው ነበር። አስማቸው ጋብ ብሎላቸዋል። አባባም ጭንብላቸውን እንዳደረጉ ሁለት እርምጃ ራቅ ብለው እጅ ነሡ።

“ግንባርሽን ሌላ ጊዜ እስመዋለሁ” አሏቸው።

“ዕድሜ ይስጠን እንጂ ግንባሬ የት ይሄዳል?” አሉ እማማ አበበች። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ “እኔም ብመረመር ደስ ይለኝ ነበር። ግን ብቻዬን እፈራለሁ። ቀኑንስ ማን ይነግረኛል?” አሉ።

ሩሀማ ብድግ አለች።

“እኔ እነግርዎታለሁ እማማ። አብሬዎትም እሄዳለሁ። የሚያስነጥሰው አንዴ ብቻ ነው።”

ልጆች፣ ለምትወዱት ሰው እውነቱን በጊዜው ንገሩት፤ ከፈራም አብራችሁት ሂዱ።