የወጌሻው ልጅ ብየዳ

መርማሪዋ ስትደርስ አስከሬኑ ተነስቶ ነበር። በመንገዱ ዳር የቀረው ቀዩ የጃፓን ሞተር ብቻ ነው፤ ዕድሜው ከብዙ ነጂዎች የሚበልጥ፣ ግን ትናንት ከፋብሪካ የወጣ እስኪመስል ተወልውሎ የነበረ። አሁን በጎኑ ተጋድሟል። የኋላ ጎማው እንደ ወለምታ እግር ወደ ውጭ ተጣሟል።

«ነገሩ ግልጽ ነው» አላት ትራፊክ ፖሊሱ። «ብየዳው ለቋል። ሽማግሌው የራሳቸው ጋራዥ የሠራውን ሞተር ሲሞክሩ ነው የሞቱት። ፋይሉን እንዝጋው?»

«ብየዳው መልቀቁን በምን አወቅህ?»

«ተሰብሯላ!»

«መሰበሩንማ እኔም አያለሁ» አለችና ጉልበቷን እየረገመች ተንበረከከች። ጡረታዋ ደጃፍ ላይ ቆሞ የሚጠብቃት ሴት ናት፤ መንበርከክ እንደ ድሮው አይቀልላትም።

የተሰበረው የኋላ ሹካው ነው። የኋላውን ጎማ በሁለት ክንዱ አቅፎ ከሞተሩ ሻንሲ ጋር የሚያያይዘውን ብረት የሙያው ሰዎች እንዲህ ይሉታል። አንዱ ክንድ ከሥሩ አጠገብ ለሁለት ተከፍሏል። መርማሪዋ የእጅ ባትሪዋን አብርታ ስብራቱን አየችው። ግማሹ ነጭ ሆኖ ያብረቀርቃል፣ አሁን የተሰበረ ብረት ነው። ግማሹ ግን ግራጫ ስቱኮ፣ ቀቢዎች ቀዳዳ የሚደፍኑበትን ጭቃ፣ ይዟል፤ ስቱኮው ላይ ደግሞ ቀይ ቀለም አለ። ዛሬ በተሰበረ ብረት ሆድ ውስጥ ስቱኮ ምን ይሠራል?

ይህንን ለትራፊኩ አልነገረችውም። ነገር ሲሸታት ዝም ማለት ልማዷ ነው። ቤቷም የሚያናግራት ሰው ስለሌለ፣ ልማዱን ለማቆየት ተቸግራ አታውቅም።

ሟቹን ሁሉም ሰው ወጌሻው ነበር የሚለው። የተጣመመ የሞተር ሻንሲ፣ ዝገት የበላው ቱቦ፣ የደከመ ሹካ ይዞለት የሚመጣው ሰው ብዙ ነበር። እሱም በእጁ ዳሰስ ዳሰስ አድርጎ፣ የቱ ጋ እንደታመመ ነግሮ፣ አቃንቶና ደግፎ ይመልሰው ነበር። በሥሩ ሦስት ሰዎች ይሠሩ ነበር፦ በያጇ ልጁ፣ ብረት በቶርኖ ማሽን የሚቀርጸው የዘመን ጓደኛው ባለቶርኖ፣ እና ቀለም ቀቢው።

መርማሪዋ ጋራዡ ስትገባ መጀመሪያ ያገኘችው ልጅቷን ነው። በብየዳው ጥግ ተቀምጣለች። ሁለት እጆቿን በሹራቧ እጅጌ ውስጥ ቀብራ፣ ሰው እንዳያያቸው የፈለገች ትመስላለች።

«እኔ ነኝ የገደልኩት» አለች፣ ማንም ሳይጠይቃት። «ሹካውን የበየድኩት እኔ ነኝ። የመጀመሪያ ሥራዬ ነው። ከእንግዲህ የብየዳ ችቦ አልነካም፣ እትዬ። እጄ ይቆረጥ!»

«እጅሽን ለጊዜው አቆይው» አለች መርማሪዋ። «አባትሽ ለምን ነዳው? ሞተሩን የሚሞክረው እሱ ነበር?»

«አይደለም። የኛ ጋራዥ ሕግ ሌላ ነው። ሹካውን የበየደ ሰው መጀመሪያ ይነዳዋል። ራሱ ያልተቀመጠበትን ሥራ ለሰው አንሰጥም። የራስ ቁሬን ላጠልቅ ስል አባባ ከእጄ ቀማኝ። "ዛሬ እኔ ልቀመጥበት፣ ልጄ የሠራችው ነው" አለ። እንደዚያ ሲስቅ አይቼው አላውቅም።»

ልጅቷ ማልቀስ ስትጀምር መርማሪዋ በመስኮቱ ወደ ውጭ ተመለከተች። ማጽናናት አትችልበትም፤ ከቻለችበትም ረስታዋለች።

«ከመነሳቱ በፊት ሞተሩ ላይ ያስቸገራችሁ ነገር ነበር?»

«ትንሽ። ሹካውን ከፍ አድርገው ሲለቁት በራሱ ክብደት ቀስ ብሎ መውረድ አለበት። ትናንት ማታ ስንገጥመው ግን አየር ላይ እንደተንጠለጠለ ቀረ። ፐርኖው፣ ሹካውን ከሻንሲው የሚያያይዘው ዘንግ፣ የሚያልፍበት የነሐስ ቀለበት አለ፣ ቡሽ እንለዋለን፣ እሱ ጠብቆ ነው። ቡሹን በቶርኖ ሠርቶ የሚያወጣው ጋሼ ባለቶርኖ ነው።»

«ነገርሽው?»

«አባባ "እንዲሁ እንሞክረውና ከዚያ ትነግሪዋለሽ" አለኝ። እኔም ደስ አለኝ። ጋሼ እዚህ ከገባሁ ወዲህ በዓይኑ ሙሉ አያየኝም። ሰላም ስለው ለቶርኖው ነው የሚመልስለት።»

«አባትሽ ምሳውን ካንቺ ጋር ነበር የሚበላው?» አለች መርማሪዋ፣ ከልጅቷ አጠገብ ያለውን አንድ ብቸኛ ሳህን አይታ።

ልጅቷ በጥያቄው ግራ ተጋባች። «ኧረ አይደለም። ሁልጊዜ ከጋሼ ጋር ነው። ሳህኑን ይዞ ይወጣል። እኔ እዚሁ ብቻዬን እበላለሁ።»

ቀቢው ግን አፉ የሚዘጋ ሰው አልነበረም። ጣቶቹ እስከ ጥፍራቸው ድረስ ቀይ ናቸው።

«ስቱኮና ቀይ ቀለም የት ነው የምታስቀምጠው?» ስትለው ወሬው ተቋረጠ።

«እዚያ መደርደሪያ ላይ። በሩ አይቆለፍም። ማንም ገብቶ ሊወስድ ይችላል። ምነው? እኔን ጠረጠሩኝ እንዴ? ወጌሻው ቀለሜን በጥፍራቸው ፍቀው ያስደግሙኝ ስለነበር ነው? እርግጥ ነው፣ ስንት ጊዜ ረግሜያቸዋለሁ! በሆዴ ግን ነው፣ ኢንስፔክተር፣ በሆዴ።»

«በብሩሽ ትቀባለህ?»

«ብሩሽ?» ፊቱ ተኮማተረ። «እኔ የምረጨው በመርጫ ነው። ብሩሽ የቤት በር ለሚቀባ ሰው ነው።»

«ሞተሩ ሲነሳ ምን አየህ?»

«በሩ ላይ ነበርኩ። ወጌሻው እንደ ጎረምሳ ጋዝ ሰጥተው ተፈተለኩ። ልጅቷ እንዲህ አትነዳም፤ መጀመሪያ ግቢውን በቀስታ ትዞራለች። ከዚያ ጋሼ ባለቶርኖ ወጡ። ልጅቷን ቆማ ሲያዩዋት "ማነው የሄደው?" አሉና በነጠላ ጫማ እየጮሁ መንገዱን ይዘው ሮጡ። አንዱ ጫማቸው ይኸው እዚህ ቀርቷል። ወጌሻው አንድ ነገር ረስተው ይሆናል ብዬ ሳቅኩ። ሳቄን ሳልጨርስ ነው ያ ድምፅ የተሰማው። እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ።»

መርማሪዋ ጫማውን አንስታ ገለበጠችውና መልሳ አስቀመጠችው።

የቶርኖው ክፍል ከሁሉም ንጹህ ነበር። የብረት ፍቅፋቂ መሬት ላይ አይታይም። ሞረዶቹ በቁመታቸው ተሰልፈዋል። ባለቶርኖው መቀመጫው ላይ ሆኖ አንዲት ዳዶ፣ የብሎን ማሰሪያ፣ በጨርቅ ይወለውላል። ዳዶዋ ከጠራች ቆይታለች፤ እሱ ግን አላቆመም። ዓይኖቹ በልቅሶ አብጠዋል። መርማሪዋ ብዙ የውሸት ልቅሶ አይታለች፤ ይኸኛው እውነተኛ ነበር።

ከጎኑ ሁለተኛ መቀመጫ አለ። ላዩ ላይ ያረጁ ጨርቆች ተከምረዋል። መርማሪዋ የራሷን ወንበር አስታወሰች። በቤቷ ከጠረጴዛዋ ማዶ ያለው ወንበር ላይም እንዲሁ ያልታጠፈ ልብስ ተከምሯል፤ የተቀመጠበት ሰው ከሄደ ወዲህ።

«ማን ነበር እዚህ የሚቀመጠው?»

«እሱ» አለ ባለቶርኖው። «ልጅቷ እስክትመጣ ድረስ። ከዚያ ምሳውን ከእሷ ጋር አደረገ። ልጁ ናት፣ ምን ይባላል?»

«ሞተሩ ሲከሰከስ የት ነበሩ?»

«እዚሁ። ድምፁን ስሰማ ሮጥኩ።»

«ሹካውን ነክተውት ነበር?»

«ቡሾቹን በቶርኖ ሠርቼ ካስረከብኩ ወዲህ አጠገቡም አልደረስኩም። ገጣጠማው የእነሱ ነው።»

መርማሪዋ አመስግና ወጣች። ግቢውን ስትዞር ከዕቃ ቤቱ ጀርባ፣ ከግድግዳው ጥላ ሥር፣ አንድ በርጩማ አገኘች። አጠገቡ የታጠበ የምሳ ሳህን አለ። መሬቱ በሰው እግር ተደልድሏል። እዚያ ላይ ስትቀመጥ ፊት ለፊት የቶርኖው ክፍል መስኮት ይታያል። ከውስጥ የሚሠራው ሰው ጀርባ ብቻ ነው የሚታየው። ብዙ ተቀመጠች።

በማግስቱ ሦስቱንም በሰፊው ክፍል ሰበሰበቻቸው። ቀዩ ሞተር መቆሚያው ላይ ወጥቷል። ትራፊኩ ከበሩ አጠገብ ቆሟል።

«ፋይሉን ልንዘጋው ነው» አለች። «መጀመሪያ ግን ይቺን ልጅ ከጥፋቷ እንፍታት። ነይ፣ ልጄ። ስብራቱን አይተሽዋል?»

«አልችልም፣ እትዬ።»

«ትችያለሽ። ብየዳሽ የቱ ነው?»

ልጅቷ ቀረበች። እጇ ከእጅጌዋ ቀስ ብሎ ወጣ። ብየዳዋን ከዳር እስከ ዳር በጣቷ ተከተለችው። አንድም ቦታ አልተላቀቀም። ብረቱ የተከፈለው ከብየዳው ጎን ነው።

«ይሄ... ይሄ የኔ አይደለም» አለች በሹክሹክታ።

«ያንቺ አይደለም። በመጋዝ ተቆርጧል። ቁርጡ በስቱኮ ተደፍኗል፤ በላዩም ቀይ ቀለም በብሩሽ ተቀብቷል።»

ሁሉም ወደ ቀቢው ዞሩ። ቀቢው ወደ ኋላ አፈገፈገ። «ብሩሽ አልይዝም ብያለሁ!»

«አልክ። የብሩሹ ፈለግም እንደ እርሻ ትልም ይታያል፤ አንተ ብትሆን አታደርገውም። ቁርጡ ከላይ፣ ሹካው ከሻንሲው ጋር በሚገጥምበት በኩል ነው። ሹካው ሳይወልቅ መጋዝ እዚያ አይገባም። ስለዚህ አንድ ሰው በዚያ ሌሊት፣ ሌሎቹ ከሄዱ በኋላ፣ ሹካውን አውልቆ፣ ቆርጦ፣ መልሶ ገጥሞታል። ዳዶ መፍታት ደግሞ ሁላችሁም ትችላላችሁ። ማን እንደሆነ የሚነግረን ይሄ ነው።»

ከሻንሲው ላይ የቀረውን የሹካውን ጉማጅ ከፍ አድርጋ ለቀቀችው። ጉማጁ ያለ ድምፅ፣ ቀስ ብሎ፣ ልክ መውረድ እንዳለበት ወረደ።

ልጅቷ ወደ ጉማጁ አጎነበሰች። «ይጠብቅ ነበር እኮ! አየር ላይ ቀርቶ ነበር!»

«ወድቆ ላልቶ ይሆናላ» አለ ትራፊኩ።

«እኔም እንዲያ ብዬ ፐርኖውን አስወጣሁት። ቡሹ ውስጡ በአዲስ ተስሏል፣ እንደ መስታወት ፊት ያሳያል። ፐርኖውም ታጥቦ አዲስ ግራሶ ተቀብቷል። መውደቅ ቡሽ አይስልም። እስቲ አስቡት። ሹካው እንዲሰበር የሚፈልግ ሰው ቡሹ ቢጠብቅ ምን ገዶት? ማንም ስለመጥበቁ ለባለቶርኖው አልነገረውም። ያወቀው ፐርኖውን ሲያወጣ በእጁ ነው። እጁ ደግሞ የጠበቀ ቡሽ መልሶ መግጠም እምቢ አለው። እዚህ ቤት እንዲህ ያለ እጅ ያለው አንድ ሰው ነው።»

ባለቶርኖው ዛሬም በእጁ ይዟት የነበረችውን ዳዶ መወልወል አቆመ።

«ድምፁን ሰምቼ ሮጥኩ አሉኝ» አለች ወደ እሱ ዞራ። «ጫማዎ ግን በሩ ላይ የቀረው ድምፁ ከመሰማቱ በፊት ነው። የሮጡት ልጅቷን ቆማ ሲያዩዋት ነው። ሞተሩ ላይ መሆን የነበረባት እሷ ናት።»

 ሽማግሌው ባለቶርኖ ሲናገር ድምፁ የሌላ ሰው ይመስል ነበር።

«እንድትሞት አልነበረም። እሷ ግቢውን በቀስታ ነው የምትዞረው። ሹካው እዚያው ይጎብጣል፣ ሞተሩን እየገፋች ትመልሰዋለች፣ እሱም ሥራዋ እንደማይረባ ያያል ብዬ ነው። ከዚያ እንደ ድሮው ሁለታችን እንሆናለን። እሱ እንደዚያ ይነዳል ብዬ... እሱ ይነዳል ብዬ መች አሰብኩ!»

«ለምን ብየዳው ላይ አልቆረጡትም?» አለች መርማሪዋ። «ያ ቢሆን ማንም አይጠረጥርም ነበር። እኔም ፋይሉን እዘጋው ነበር።»

ባለቶርኖው ልጅቷን ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ አያት።

«መጋዙን አሳርፌበት ነበር። ብየዳው እንዴት ያምር ነበር! እንደዚያ ያለ ብየዳ መቁረጥ አሳዘነኝ።»

ልጅቷ ፊቱን በእጇ የምትመታው መስሎት ትራፊኩ አንድ እርምጃ ቀረበ። እሷ ግን ባለችበት ቆማ፣ «ይህንን ቃል አንድ ቀን ብትነግረኝ ምን ነበረበት፣ ጋሼ?» አለች። «ብቻዬን ነበር እኮ የምበላው።»

«ብቻሽን?» አለ ሽማግሌው። «አባትሽስ?»

«እሱማ ካንተ ጋር ነበር።»

«ከኔ ጋር?»

ሁለቱም መርማሪዋን ተመለከቱ። መርማሪዋ ስንት ወንጀለኛ ፊት ሳትፈራ የተናገረች ሴት፣ ይህንን መናገር ከበዳት።

«ከዕቃ ቤቱ ጀርባ አንድ በርጩማ አለ» አለች በመጨረሻ። «ፊቱ ወደ እርስዎ መስኮት ነው። ጀርባዎን ይሰጡት ስለነበር ወጌሻው ለመግባት የደፈረ አይመስለኝም። እስኪጠሩት እየጠበቀ ነበር የሚበላው።»

ባለቶርኖው ተነሳ። ትራፊኩ እጁን ሊይዘው ሲል መርማሪዋ «ቆይ» አለችው። ሽማግሌው ወደ ቶርኖው ክፍል ገባና ሁለተኛው መቀመጫ ላይ የተከመሩትን ጨርቆች አንድ በአንድ አነሳቸው። አጣጥፎ መደርደሪያው ላይ አኖራቸው። መቀመጫውን በእጁ ጠርጎ ከራሱ መቀመጫ አጠገብ አስጠጋው። ከዚያ ሁለት እጆቹን አጣምሮ ለካቴናው ዘረጋ።