ዝምታን የማያሳልፈው መስመር

ጎሊቻ የጠፋው እኔ በመረጥኩት ፕሮግራም ነው።

ለማስፈራራት አይደለም የምጽፈው። ጨለማ አልነበረም፣ ጫካም አልነበረም። ከቀኑ ስድስት ሰዓት፣ ነገሌ ቦረና፣ ከጋሽ ኑሪ የቆርቆሮና ምስማር ሱቅ ጀርባ ያለችው ክፍላችን ውስጥ ነው። ጋሽ ኑሪ ከበሩ ፊት ለፊት ተቀምጠው ነበር። "ማንም አልወጣም" ይላሉ እስከ ዛሬ።

እኔ ግን ሲወጣ አይቻለሁ።

ፀደይ እባላለሁ። እዚሁ ነገሌ ተወልጄ፣ ሀዋሳ ኮምፒውተር ተምሬ የተመለስኩ ነኝ። በ2014ቱ ድርቅ ከጎሊቻ ጋር አንድ ፕሮጀክት ጀመርን። የትኛው ጉድጓድ ውሃ እንዳለው ለከብት አርቢው የሚያሳውቅ። ኮዱ ክፍት ነው፤ ማንም ወስዶ ሊጠቀምበት፣ ሊያሻሽለው ይችላል። የቀረን ነገር ሰዉ ወሬውን የሚቀባበልበትን መንገድ መምረጥ ብቻ ነበር።

ብቻ! ተናከስንበት።

"ቴሌግራም ግሩፕ ከፍተን እንገላገል" አልኩት።

"አሬሮ ገጠር ያለ ሽማግሌ ቴሌግራም ከየት ያመጣል?"

"ልጁ ያነብለታል።"

"ልጁ ከብት ይዞ ሄዷል። አንቺ ሀዋሳ የተማርሽው ለሀዋሳ ነው እንዴ?"

እሱ አሸነፈ። ሰው በተራ ስልክ ይደውላል፣ ይናገራል፣ ድምፁ ዌብሳይታችን ላይ ይወጣል።

ከዚያ መልእክቶቹ መምጣት ጀመሩ።

"ናጋ?" ሰላም ነው ወይ ማለት ነው፤ መልሱም ያው "ናጋ" ነው። ልጆች ናጋ? ከብቱ ናጋ? ደጁ ናጋ? ጎረቤት ናጋ?... በመጨረሻ፣ ትንፋሼ ሊያልቅ ሲል፣ "ውሃ የለም።"

ይባስ ብሎ ከእያንዳንዱ ጥያቄ በኋላ ዝም ይላሉ። የሚያናግሩት ማሽን መሆኑን እያወቁ ለመልስ ቦታ ይተዋሉ።

ጎሊቻ ደግሞ ቅጂውን ሲያዳምጥ በዚያች ክፍተት "ናጋ" ብሎ ይመልሳል። ለስፒከር!

"አብደሃል?"

"ትልቅ ሰው ጠይቆ ዝም አይባልም። ሳይጨርስም አፉ ላይ አይገባበትም። ቤትሽ አላስተማሩሽም?"

"ቤቴ የኢንተርኔት ወጪ መቆጠብ አስተምረውኛል።"

ዝምታን እየቆረጠ የሚጥል ነፃ ፕሮግራም አገኘሁ። ጫንኩት። ፋይሉ በግማሽ ቀነሰ። በጠፋበት ቀን ጎሊቻ ደረሰበት።

"አጥፊው።"

"አላጠፋም።"

"መልስ የሚሰጥበትን ቦታ ነው የቆረጥሽው!"

"ካንተ በቀር ማን ይመልሳል?"

"ካላጠፋሽው ፕሮጀክቱን ትቼ እወጣለሁ።"

"በሩ ያውልህ። ስትወጣ ዝጋው።"

ተፋጠጥን...

አዲስ መልእክት ገባ።

የደዋዩ ቁጥር የሚጻፍበት ቦታ ባዶ ነው። የማጫወቻውን ቁልፍ ተጫንኩ፤ ከጭቅጭቁ ይሻላል ብዬ።

የአሮጊት ድምፅ። ረጋ ያለ። ግን ጥያቄዎቹ በላይ በላዩ ተነባብረዋል። ክፍተት የለም።

"ናጋ? መንደሩ ናጋ? አህያው ናጋ? ሬዲዮው ናጋ?"

ውጭ የውሃ ጀሪካን የጫነ አህያ ሲያናፋ ነበር። ጸጥ አለ።

በመስኮት አየሁት... አንገቱን እንደዘረጋ፣ አፉን እንደከፈተ ነው። ጎኑ ይርገበገባል። እያናፋ ነው።

ድምፅ የለውም።

የጋሽ ኑሪ ሬዲዮ ዜና መሃል ላይ ተቋረጠ። "ምን ነካው ይሄ!" ሲሉ ሰማኋቸው። በጥፊ መቱት።

"ጎሊቻ" አልኩ በሹክሹክታ። "ሬዲዮ መኖሩን በምን አወቀች?"

"ዝም በይ። እየጠየቀች ነው።"

"እና መልስላታ!"

"አልጨረሰችም።"

"ፋኑ ናጋ?"

ቀና አልኩ። ፋኑ ይዞራል። ንፋሱ ፀጉሬን ያነሳዋል። ቀን ከሌት የሚያንቋርረው ሞተር ግን... ምንም።

ማቆሚያውን ተጫንኩ። አልቆመም። ደግሜ ተጫንኩ። የስፒከሩን ገመድ ነቀልኩ።

"ፀደይ ና..."

"ናጋ!" ብዬ ጮህኩ። አላስጨረስኳትም። ሰው እስኪጨርስ መጠበቅ ድሮም አልችልበትም።

ድምፄን ሰማሁት። አልጠፋም።

"ጎሊቻ ናጋ?"

ጎሊቻ አንገቱን ሰበር አደረገ፤ ሽማግሌ ፊት እንደቆመ ሰው። እስክትጨርስ ጠበቀ። ከዚያ አፉን ከፈተ።

እሷ ግን አልፋለች።

"በሩ ናጋ?"

የጎሊቻ ከንፈር ተንቀሳቀሰ። *ናጋ*። አየሁት እንጂ አልሰማሁትም። ደገመ። የአንገቱ ጅማት ተገተረ። ጠረጴዛውን በቡጢ መታ። የሻይ ብርጭቆው ዘለለ፣ ተገለበጠ፣ መሬት ላይ ተፈረካከሰ...

ያለ አንዳች ድምፅ።

"ጎሊቻ፣ አትቀልድ" አልኩት። እየቀለደ እንዳልሆነ አውቃለሁ።

አሮጊቷ አቆመች።

ዝምታ መጣ። ረጅም። የኔ ፕሮግራም የማያሳልፈው ዓይነት ዝምታ።

በዝምታው መሃል፣ ገመዱ ከተነቀለው ስፒከር፣ የጎሊቻ ድምፅ መለሰ።

"ናጋ።"

ጎሊቻ ሰማው። ስፒከሩን አየ። ከዚያ እኔን አየኝ፤ ሲጣላኝ እንኳ እንደዚያ አይቶኝ አያውቅም።

"ቆይ... ጎሊቻ፣ አጠፋዋለሁ። አሁን አጠፋዋለሁ።"

አልጠበቀኝም። ወደ በሩ ሄደ። ያ የብረት በር ሲከፈት ጩኸቱ መስጊዱ ድረስ ይሰማል፤ ጋሽ ኑሪ ዘይት ይቀቡት እያልን ስንነዘንዛቸው ነው የከረምነው።

ከፈተው። ፀሐይ ገባች።

ወጣ።

እንዳልኩትም ዘጋው። ምንም አልተሰማም።