አቶ ሚልክያስ ዝም አሉ

ብሩክታይት ሶዶ ከተማ ባለ አንድ ኮሌጅ ማስተማር ከጀመረች ሁለት ዓመቷ ነው። የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ዶክተር ሐብተማርያም ግን አንድ ቀን እንኳ በስሟ ጠርቷት አያውቅም። በተወለደችበት ገጠር ስም «የጉኑኖዋ» ነው የሚላት። ጠረጴዛዋን ዕቃ ቤት አስገባው፤ ኮርሷን ነጥቆ ለሌላ ሰጠ። ቃለ ጉባኤ መያዝ ብቻ ተወላት።

ማክሰኞ በስብሰባው ላይ የጥናት ሐሳቧን ስታቀርብ አቋረጣት።

«መጀመሪያ አማርኛሽን ጨርሺ» አላት።

ዶክተሮቹ ሳቁ። ወንበራቸው እንዳይነካባቸው ለማንኛውም ቀልዱ ጥርሳቸውን የሚያዋጡ ትልልቅ ሰዎች ናቸው።

ሊያገባት የሚፈልገው ባልደረባዋ ሚልክያስ አልሳቀም። ወለሉን አየ።

በኋላ ኮሪደሩ ላይ ጠበቃት። የዓይኑ አስተያየት በሌላ ቀን ልቧን ያቀልጠው ነበር።

«ብሩኬ፣ የቅዳሜው ሽምግልና...»

«አትላካቸው።»

«ምን አደረግኩ?»

«ምንም። አንተ ምንም አድርገህ አታውቅም።»

ሐሙስ ቃለ ጉባኤውን ለፊርማ አዞረች። ሐብተማርያም ስልክ እያወራ ፈረመ። ሌሎቹ የእሱን ፊርማ አይተው ፈረሙ። እናቷ ወይዘሮ ፈጠነች በስተርጅና ፊደል ቆጥራ፣ የሳሙና መጠቅለያ እንኳ በጣቷ እየተከተለች ታነባለች። እነዚህ ሊቃውንት ግን የገዛ ውርደታቸውን ሳያነቡ ፈረሙበት።

ያነበበው ሚልክያስ ብቻ ነው። መጨረሻው መስመር ላይ ሲደርስ ፊቱ ጠቆረ። ቀና ብሎ አያት፤ አልሸሸችውም። ፈረመና መለሰላት።

በሚቀጥለው ማክሰኞ ሐብተማርያም እንደ ልማዱ «ያለፈው ቃለ ጉባኤ ጸድቋል፣ ወደ አጀንዳችን» አለ።

«ይነበብ» አለ ሚልክያስ። መዝገቡን ከብሩክታይት ፊት አንስቶ ራሱ አነበበው። «ዶክተር ሐብተማርያም ‹መጀመሪያ አማርኛሽን ጨርሺ› አሉ። ዶክተር ሰሎሞን ሳቁ። ዶክተር ኢሳይያስ ሳቁ።»

የሚስቅ ጠፋ።

«ማነው ይሄን የጻፈው?» አለ ሐብተማርያም።

«የፈረሙት እርስዎ ነዎት፣ ዶክተር። አልጨረስኩም። ‹አቶ ሚልክያስ ዝም አሉ።› ይህም እውነት ነው፤ አፍሬበታለሁ። ዛሬ ግን የመምህርት ብሩክታይት ጥናት ሳይሰማ ሌላ አጀንዳ አይከፈትም። ይህን ካልኩ በኋላ የሚደርስብኝም ይመዝገብ። ቃለ ጉባኤው የሚሄደው ዲኑ ጋ ነው።»

ጥናቷን ሰሟት። ሐብተማርያም እስኪያልቅ ድረስ እስክሪብቶውን ሲከፍትና ሲዘጋ ነበር።

በዚያ ቀን ኮሪደሩ ላይ የጠበቀችው እሷ ናት።

«ይሄኛውን ቅዳሜ ሥራ አለህ?»

«የለኝም።»

«እንግዲያው ሽማግሌዎቹን ላካቸው» አለች ብሩክታይት፣ ዓይኗን ሳትነቅልበት። «ግን አደራ፣ የሚፈረም ነገር ካመጡ እማዬ አንብባ እስክትጨርስ ይጠብቋት።»