አራተኛው ክር

የፈቃዱ አስከሬን ከቡታጅራው የሙዚቃ መሣሪያ መሥሪያ ወርክሾፑ ከወጣ ሰዓት አልሞላም። ሜሮን አግዳሚው ወንበር ላይ ኩርምት ብላ ተቀምጣለች። ትናንት፣ ለመዋዕለ ሕፃናት ተማሪዎቿ የገዛቻትን ጊታር መሰል ባለ አራት ክር ዩኩሌሌ ልትወስድ ስትመጣ፣ የሙዚቃ መምህሯን ፈቃዱን ደም ለብሶ ወለሉ ላይ ተዘርግቶ አገኘችው። መጮህ ሲገባት ሮጠች። ዛሬ ጠዋት ጎረቤቱ ሸምሶ አስከሬኑን ካገኘ ወዲህ ሰው ሁሉ የሚያወራው ያንን ሩጫ ነው።

ኢንስፔክተር ሰልሚያ በሩን ዘጋች። «አሰላሙ አለይኩም፣ ሸምሶ። ትናንት ምን ሰማህ?»

«ወአለይኩሙ ሰላም። ወላሂ እኔ ጨርቅ ነው የምለካው፣ ዜማ አላውቅም። ግን ግድግዳችን አንድ ነው። አሥር ሰዓት ገደማ ክር ሲቃኝ ሰማሁ። ከዚያ ይሄ ይትባረክ ወጣና በሩ ላይ ቆሞ ‹በል ደህና እደር፣ ፈቄ!› አለው።»

«ፈቃዱስ መለሰ?»

ሸምሶ አገጩን አሸ። «እሱን እንኳ አልሰማሁም። ሥራ ከያዘ መች ይናገራል! አሥራ አንድ ላይ ይቺ ልጅ ገባች፤ ወዲያው እንደ ሚዳቋ ፈትለክ!»

የፈቃዱ ባልደረባ፣ ጊታር ሠሪው ይትባረክ፣ ራሱን ነቀነቀ። «እኔ ስወጣ ዩኩሌሌዋን ቃኝቶ ጨርሶ ነበር፤ በዓይኔ አይቻለሁ። ከእኔ በኋላ የገባችው እሷ ብቻ ናት።»

ሜሮን የእስር ቤቱ በር ሲዘጋባት የሰማች መሰላት።

ሰልሚያ ዩኩሌሌዋን አቀበለቻት። «እስኪ ሞክሪያት።»

የላይኛው፣ አራተኛው ክር ጎርነን ብሎ አቃሰተ። «ይሄ… ልክ አይደለም» አለች ሜሮን። «አራተኛው ክር እንደ ጊታር የላይኛው ክር ወፍራም አይደለም፣ ቀጭን ድምፅ ነው ያለው። ጋሽ ፈቃዱ መጀመሪያ ያስተማሩን እሱን ነው።»

ሰልሚያ የክር ድምፅ የሚለካውን ትንሽ የኤሌክትሮኒክ መቃኛ ዩኩሌሌዋ ጫፍ ላይ ሰካችው። ክሩ ሲመታ የድምፁ ስም፣ ‹ጂ› የሚል ፊደል፣ በአረንጓዴ በራ።

«ይኸው!» አለ ይትባረክ። «መብራቱን እዩት፣ ልክ ነው!»

«መቃኛው ወፍራሙንም ቀጭኑንም ጂ አንድ አድርጎ ነው የሚያየው» አለች ሜሮን። «ጋሽ ፈቃዱ በጆሯችሁ ስሙ ይሉን ነበር።»

ሰልሚያ ወደ ይትባረክ ዞረች። «አሥር ሰዓት ላይ እዚህ የነበራችሁት ሁለት ናችሁ። ፈቃዱ ጀማሪዎችን የሚያስጠነቅቅበትን ስህተት አይሠራም። ሜሮን ገብታ ወዲያው ወጣች፤ አራት ክር ለመቃኘት ጊዜ አልነበራትም። ፈቃዱ የወጠረው አዲስ ክር ገና ላላ ብሎ ነበር፤ አንተ ስታጠብቀው መብራቱ መጀመሪያ የበራው ወፍራሙ ጂ ላይ ነው። ከላይ ወፍራም ድምፅ የለመደው የጊታር እጅህ እዚያው ቆመ።»

«ሰው ገድሎ ይቃኛል እንዴ?» አለ ሸምሶ።

«ለአንተ ጆሮ ነው የቃኘው፤ ፈቃዱ በሕይወት ያለ እንዲመስልህ። ‹ደህና እደር› ያለውም ለሬሳ ነው።»

ይትባረክ ወንበሩ ላይ ሟሸሸ። «የፋብሪካ ጊታር ላይ የእሱን ስም ለጥፌ ወልቂጤ ስሸጥ ደረሰብኝ። ለሰው ሁሉ እናገራለሁ አለ። መዶሻው እጄ ላይ ነበር።»

ፖሊሶች ይዘውት ሲወጡ ሰልሚያ ሜሮንን «አብሽሪ፣ ነፃ ነሽ» አለቻት።

ሜሮን አልተነሳችም። «ኢንስፔክተር… እኔ ስገባ በሕይወት ነበሩ?»

«ሐኪሙ እንደተመታ ወዲያው ነው ያለፈው ብሏል።»

ሜሮን በረጅሙ ተነፈሰች።

«ስትሮጪ ግን» አለች ሰልሚያ፣ «ይህን አታውቂም ነበር።»