ሰንበት ገብቶ የተነሳው ስልክ

ማመን አለማመን የእናንተ ፋንታ ነው። እኔ ግን የአክስቴን ልጅ ሃዳስን አውቃታለሁ፤ ውሸት አይሆንላትም።

በፈረንጆች 2008፣ ጥር ውስጥ፣ ዓርብ አሥር ሰዓት ገደማ... ኢየሩሳሌም።

ሃዳስ ጊቫት ራም ከሚባለው የዩኒቨርሲቲ ግቢ፣ የዕፅዋት ቤተ ሙከራ ውስጥ ብቻዋን ቀርታለች። ቤቷ በጣሳ ከምታሳድጋቸው ሦስት ችግኞች ቆርጣ ለምርመራ የላከችው ቅጠል ውጤት መጥቶላት፣ እንደ ልማዷ ኮምፒውተሩ ላይ ተተክላለች።

ቅጠል ሲጠማው፣ ሲበርደው ወይም ትል ሲበላው በውስጡ ያሉት አር ኤን ኤ የሚባሉ ጥቃቅን የዘረመል መልእክቶች ይለዋወጣሉ። ኢንተርኔት ላይ ያለው የመረጃ ቋት ከሌሎች ቅጠሎች ጋር አስተያይቶ ምን እንደደረሰበት ይናገራል።

የመጀመሪያውን አስገባች።

«እየተበላ ያለ ቅጠል።»

ሳቀች። እንኳን ትል ዝንብም አልነካውም!

ሁለተኛው... እየተበላ።

ሦስተኛው ባሰ። እሱ ደግሞ ከእናቷ አልጋ ግርጌ ያለው ነው።

እናቷ፣ አክስቴ ይርገዱ፣ ከሚኖሩበት ሰፈር ከኔቬ ያዕቆብ መጥተው አብረዋት ሰንብተዋል። ጠዋት ጠዋት «እግርጌዬ የሚቀመጠው ማነው?» ይሏታል። እርጅና ነው ብላ ትተወው ነበር።

ድንገት የምታውቀው ነገር ትዝ አላት። ቅጠል ራሱ ሳይነካ እንዲህ የሚሆነው... አጠገቡ ያለው ሲበላ ነው።

እናቷ ከመጡ ወዲህ ምን ያህል እንደከሱ ያኔ ታያት። ፈራች፤ ክፉኛ ፈራች።

ስትወጣ የሰንበት መግቢያው ሳይረን ጮኸ። አውቶቡስ የለም። ቤቷ ወዳለበት ኢትዮጵያ ጎዳና እየሮጠች በፔሌፎኗ፣ በእጅ ስልኳ፣ ወደ ቤት ስልክ ደወለች። እናቷ ሰንበት ከገባ ሰማይ ቢደፋ ስልክ እንደማይነኩ ታውቃለች። ግን ምን ታድርግ?

ስልኩ ተነሳ።

«እማ...?»

እስትንፋስ ብቻ።

«እማ፣ አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ... ነይ።»

ድምፁ የእናቷ ነው። ሃዳስ ስልኩን ከጆሮዋ ሳትነቅል ሩጫዋን ቀጠለች።

ስልኩ አልተዘጋም። በዝግታ... የሆነ ነገር ይታኘካል።

እየተደናቀፈች ደረሰች። እናቷ ነጠላቸውን ተከናንበው ከግቢው በር ውጪ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። እጃቸው ባዶ ነው።

«እማ! እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?»

«ቤቱ ከበደኝ ልጄ... ሰንበትን እዚሁ ልቀበል ብየ ወጣሁ።»

እጃቸውን ያዘች። አጥንት ብቻ ነው።

ጆሮዋ ላይ ማኘኩ ቆመ። ፎቁ ላይ፣ የክፍላቸው መጋረጃ ገለጥ አለ።

«መጣሽ?» አላት የእናቷ ድምፅ በስልኩ። «ይዘሻት ግቢ እንጂ... ውጪው ይበርዳታል።»