ዘጠና ሦስት ዲግሪ

እስከዳር ያን ቀን ገና በጠዋቱ ደክሟት ነበር። መብራት ከጠፋ ሰንብቷል፤ ውሃውም በጀሪካን ከታች ሰፈር የመጣ ነው። የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪዎቿ ቡታ ጋዝ ላይ ውሃ ጥደው፣ በየደቂቃው ሙቀቱን እየለኩ ግራፍ ይሠራሉ። የሒሳብ መምህሩ በሪሁን እንደ ልማዱ ግራፉን ሊያግዛት መጥቷል። ለማገዝ ብቻ እንደሚመጣ የሚያምን ሰው በመላው ሰቆጣ ቢፈለግ እሱ ራሱ ብቻ ነው።

የሁሉም መስመር ሽቅብ ወጥቶ መቶ ዲግሪ ላይ ቆሟል።

«ጥሩአየሁ፣ ውሃው ሲፈላ ቴርሞሜትሩ ስንት አለሽ?»

«ዘጠና ሦስት፣ ቲቸር።»

«ታዲያ መቶ ለምን ጻፍሽ?»

ልጅቷ አቀረቀረች። «መጽሐፉ መቶ ነው የሚለው። እኛ የተሳሳትን መስሎን ነው።»

እስከዳር ለመቆጣት እንኳ አቅም አጣች። «አልተሳሳታችሁም። ሰቆጣ ከፍታ ላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት ያንሳል፤ ውሃው መቶ ሳይደርስ ይፈላል። ያያችሁትን ጻፉ።»

በሪሁን ዘጠና ሦስት ላይ ደርሶ አግድም የሚሄደውን መስመር ሰሌዳው ላይ ሣለላቸው። ዓይኑ ግን እሷ ላይ ስለነበር መስመሩ ጠመመ፤ ልጆቹ ተጠቃቀሱ።

ደወል ተደውሎ ክፍሉ ባዶ ሲሆን፣ ሁለቱ ቆመው ብርጭቆዎቹን ማጠብ ጀመሩ።

«ዝውውሬ ጸድቋል» አለች። «ደብረ ታቦር።»

«ሰምቻለሁ። እንኳን ደስ አለሽ።»

«አንተስ ደስ ብሎሃል?»

የታጠበውን ብርጭቆ እንደገና ማጠብ ጀመረ። ይህን ዝምታውን ታውቀዋለች። ትወደውም ነበር፤ ዛሬ ግን ሰለቻት።

«በሪሁን፣ ደክሞኛል። ለወጉ የሚባለውን ተወውና እውነቱን ንገረኝ።»

«ደስ አላለኝም» አለ ብርጭቆውን አስቀምጦ። «እወድሻለሁ። ግን ደብረ ታቦር እናቷ የሚጠብቋትን ልጅ እዚህ ቅሪልኝ ማለት ግፍ መሰለኝ።»

«አንድ ቃል ብትናገር እቀር ነበር!» እንባዋ ቀደማት። «ትናንት ፈረምኩ። በቦታዬ ሰው ተመድቧል።»

«እንግዲያው እኔ ልከተልሽ።»

«አባትህን ለማን ትተህ?»

ፃግብጂ ገጠር ያሉት አባቱ ዓይናቸው ከጠፋ ወዲህ፣ በየሳምንቱ እየሄደ የሚያርስላቸውም የሚያጫውታቸውም እሱ ብቻ ነው። እጇን ያዛት። እርጥብ ነበር፤ እሷም አላስለቀቀችውም። የፈላው ውሃ እስኪቀዘቅዝ፣ ክፍሉ እስኪጨልም እንዲሁ ቆሙ።

ቅዳሜ ሻንጣዋን ይዞ እስከ መናኸሪያ ሸኛት። ሁለቱም እንቅልፍ አልጠገቡም። ሚኒባሱ ሊነሳ ሲል በመስኮት አንገቷን አወጣች። «ጠብቀኝ» ልትለው ፈልጋ፣ በባዶ ተስፋ ላስረው አይገባም ብላ ተወችው።

«ከፍቶኛል» አለችው።

«እኔም በጣም ከፍቶኛል፣ እስኩዬ።»

በቁልምጫ ጠርቷት አያውቅም ነበር።